«ሲናደድ እጁ ምን ያደርጋል?»

ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ከአዲስ አበባ መውጫ

ዛሬ የሠራሁትን ጅልነት ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ እኔው ልናገረው። ምስጢር ይዤ ወደ ወለጋ ተነሣሁ፤ ምስጢሩንም ገና ሆለታ ሳንደርስ፣ ከሰው ሁሉ አብልጬ ልደብቀው ለሚገባኝ ለአንድ ሰው ዘርግፌ ጨረስኩ። አውቶብሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ያን ሁሉ መንገደኛ ትቼ እሱን መረጥኩ። ሰው ሲያረጅ የሚላላው ጥርሱ ብቻ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመርካቶ የተነሣነው ወፍ ሳይንጫጫ ነው። ብርዱ የኅዳር መግቢያ ብርድ ነው፤ ጆሮ ይቆርጣል። አውቶብሱ ጣሪያ ላይ የጨው ጆንያ፣ የተጠቀለለ ፍራሽ፣ ባለ መስታወት ቁም ሣጥንና በገመድ የታሰሩ ባዶ ቆርቆሮዎች ተጭነዋል፤ መንገዱ በነቀነቀን ቁጥር ቆርቆሮዎቹ እንደ ሠርገኛ ያጨበጭባሉ። እኔ መስኮቱን ያዝኩ። አጠገቤ ሰፊ ባርኔጣ የደፋ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ፣ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት የሚያንስ ሰው ተቀመጠ። «አከም ቡልተን» አለኝ፤ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው። «ነጋ»፣ ሰላም ነው ብዬ መለስኩ። የማውቃት የኦሮምኛ ቃል እሷ ብቻ ናት፤ በቦታዋ ስለ ገባችልኝ ቋንቋውን የቻልኩት መሰለኝና ልቤ ተነፋ።

«ወዴት ነዎት?» አለኝ ኬላውን ስናልፍ። ሰውዬው የጠየቀኝ ይህን ብቻ ነው። የቀረውን ሳልጠየቅ ነው የተናገርኩት።

ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ከእንግዲህ ምስጢርነቱ አብቅቷል። ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ። ታላቂቱን እልፍነሽን ስድር ሽማግሎቹ የሰውዬውን መሬት በጋሻ፣ በቅሎዎቹን በቁጥር፣ ማዕረጉን በትውልድ ነገሩኝ። ስለ እጁ የነገረኝ አልነበረም። ሁለት ዓመት ቆይታ በአንድ ሻንጣ ተመለሰች፤ አሁን ደብረ ዘይት ልብስ ትሰፋለች፣ ደኅና ናት። ታናሺቱ በላይነሽ አንድ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት መኪና ትጽፋለች። እናታቸው ካረፈች ወዲህ ቤቱ የእሷና የእኔ ነው። አሁን ደበላ የሚባል የነቀምቴ ልጅ፣ አዲስ አበባ የሐኪም ረዳትነት፣ ድሬሰርነት ተምሮ ወደ አገሩ የተመለሰ፣ ሽማግሌ ላከባት። እሷ ትወደዋለች። ቢሆንም፦

«አባባ፣ እኔ ፊት ወንድ ሁሉ መልካም ነው» አለችኝ። «የተወለደበት ሄደህ ጠይቀው። መሬቱን አትጠይቅ። ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚጠላ፣ ሲያዝን ለማን እንደሚናገር፣ ሲናደድ እጁ ምን እንደሚያደርግ ጠይቀው። አይሆንም ካልክ አይሆንም።»

ይህን ሁሉ ለዚያ ባለ ባርኔጣ ነገርኩት። ነገሬን ለማጣፈጥም ስለ ዘመዶቹ የሰማሁትን ጨመርኩበት።

«ልጁስ ደግ ነው ይላሉ። የሚያስፈራኝ አጎቱ ነው። ማር ነጋዴ ነው አሉ፤ ጣት እንኳ የማያስልስ ቋጣሪ።»

ሰውዬው ከጋቢው ሥር ቆሎ አውጥቶ ዘገነልኝ። «ሌላስ ምን ይባላል አጎቱ?»

«ሚስቱን ይፈራል አሉ።»

«እሱስ እውነት ነው» አለ።

በምን አወቅህ ማለት ነበረብኝ። ቆሎውን ስቆረጥም አለፈኝ።

ሰኞ፣ ረፋድ፤ አምቦ

ለቁርስ ቆምን። ሹፌሩ ወርዶ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና ጮኸ፤ «ኦቦ ኦልጅራ! የማር ቆርቆሮዎችህ ገመዱን ሊበጥሱ ነው፤ ውጣና እሰራቸው።»

አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ባርኔጣውን አስተካክሎ ተነሣ።

ሽማግሎቹ የነገሩኝ የአጎትየው ስም ኦልጅራ ነው፤ የሲሬ ሰው። ማሩን አዲስ አበባ ሸጦ ባዶ ቆርቆሮውን ይዞ መመለሱ ነበር። እኔ ከአውቶብሱ ወርጄ አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ ኋላ ቆምኩ። ቀጭን ዛፍ ነበር፤ ሆዴ በግራም በቀኝም ተርፎ ይታያል። በአእምሮዬ የበላይነሽን ፊት አየሁ። ጋብቻውን ገና ሳልጠይቅ አፍርሼው መጣሁ ልላት ነው።

ኦልጅራ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ መጣ። «ይጠጡ። ስኳሩን እኔ ራሴ ነኝ የጨመርኩት፤ ሦስት ማንኪያ ነው። ቋጣሪ እንዳይሉኝ።»

«ኦቦ ኦልጅራ፣ ምን ብዬ ይቅርታ…»

«ምን ያለ ይቅርታ? እኔም ልጅ ድሬያለሁ። ስንት ላም አለው ብዬ ጠይቄ፣ ስንት ጊዜ ይስቃል ማለት ረሳሁ። ይኸው አማቼ እንደ ከሰል ጆንያ ነው፤ ብታስቀምጠውም ብታነሣውም አይናገርም።» ሻዩን ፉት አለ። «ይጠይቁ። ግን ደበላን ብቻ አይጠይቁ፤ ያሳደገውን አገር ወንዶች ሁሉ ይጠይቁ። ለጋዜጣ ነው ይበሏቸው። ጋዜጣ ላይ እጽፋለሁ ብለውኝ የለ?»

ለካ ይህንንም ነግሬዋለሁ። ይኸው አሁን እየጻፍኩ ስለሆነ ውሸት አይባልብኝም።

ሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ባኮ

አስፋልቱ ካበቃ ቆይቷል። ከጌዶ ዳገት ወርደን ወደ ጊቤ ስንጠጋ ሙቀቱ ጋቢያችንን አስወለቀን። መንገዱ ዳርና ዳር የደረቀ የበቆሎ አገዳ፣ የማንጎ ዛፍ፣ አቧራ የለበሰ ፍየል ነው። ባኮ ላይ አንድ ክምር ሸንኮራ በስሙኒ ገዝቼ በሌለ ጥርሴ ታገልኩት።

ሹፌሩ ጎማውን እየረገጠ ሲያይ ሄጄ ጀመርኩ። ክንዱ እንደ ጭኔ የሚሆን፣ መሪውን በአንድ እጁ የሚያዞር ሰው ነው።

«ለጋዜጣ ነው፤ ምን ትፈራለህ?»

«ከዚህ ድልድይ ወዲህ ወይስ ወዲያ?»

«በጠቅላላው።»

«ቤቴን» አለ። እኔ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም። «ጋሼ፣ በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ነው የምገባው። ትንሹ ልጄ ሲያየኝ ወደ ጓዳ ይሮጥና ‹እማዬ፣ እንግዳ መጣ› ይላል። እሷም ‹እንግዳ አይደለም፣ አባትህ ነው› ትለዋለች። ከበሩ ጀምሬ ያን እስክሰማ ልቤ ይመታል። አንድ ቀን ባታርመውስ?»

ከዚያ በኋላ የሞተሩን ክዳን ድርግም አድርጎ ዘጋና ግቡ አለን። ድልድዩን ሲያልፍ ፍሬን እንኳ አልነካም። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ማዶ መድረሳችንን ያወቅሁት ኦልጅራ «አልፏል፣ ይግለጡ» ሲለኝ ነው።

ሰኞ፣ ምሽት፤ ሲሬ

ያማሁት ሰው ቤት አደርኩ። ቋጣሪ ያልኩት ሰው አልጋውን ለቆልኝ እሱ መደብ ላይ ሊተኛ ነው። ሚስቱ አዴ ብርቂ አንቾቴ ቀቅላ፣ በቅቤና በቅመም ለውሳ አቀረበች። አንቾቴ ከመሬት ሥር የሚወጣ የዚህ አገር ምግብ ነው፤ ድንችን የሚመስለው ለማያውቀው ሰው ብቻ ነው። የተሰበረ አጥንት ይጠግናል ይላሉ። እኔ ሦስት ጊዜ አስጨመርኩ፤ የተሰበረብኝ ነገር ባይኖርም ለወደፊቱ ይሆናል ብዬ።

ጎረቤቶች መጡ። ጋዜጣ የሚለውን ስም ሲሰሙ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ፎቶ የማነሣቸው መስሏቸዋል።

«ምን ያስለቅሳችኋል?» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ኦቦ ፉፋ የሚባሉ ገበሬ «ሽንኩርት» አሉ፤ ሌላው «የግብር ሰብሳቢው ፊት» አለ። ሁሉም ተራውን ቀለደ። እኔም ቀልድ ወዳድ ነኝና አብሬ ሳቅሁ፤ ሥራዬን ረሳሁ። ሳቁ ካለቀ በኋላ ግን ኦቦ ፉፋ መሬት መሬት እያዩ ተናገሩ።

«በሬዬን ዳማን ሸጥኩት። ከብት ነው፣ ይሸጣል። ገዢው እየነዳው ሲሄድ ግን ዳማ በየት በኩል ዞረ መሰለህ? ወደ እርሻዬ። ገዢው ወደ ገበያ ይጎትተዋል፣ እሱ ወደ እርሻዬ ይጎትታል። ያን ቀን ራት አልበላሁም። ለሚስቴ ሆዴን ቆረጠኝ አልኳት።»

ወደ ኦልጅራ ዞርኩ። «አንተስ ሲከፋህ ለማን ትናገራለህ?»

«ለንቦቼ» አለ። «ቀፎው አጠገብ ቁጭ ብዬ በቀስታ አወራቸዋለሁ። ንብ ጩኸት አይወድም፤ ስለዚህ እየተናደድኩ እንኳ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ስጨርስ ንዴቱም ዝቅ ብሏል።»

አዴ ብርቂ ከጓዳ ድምፅዋን አሰማች። «ቀፎው ኋላ ማን እንደሚቆም ንገራቸው።»

«ማን ይቆማል?» አለ ኦልጅራ ግራ ተጋብቶ።

«እኔ ነኛ። ፊት ለፊት ጠይቄህ ነግረኸኝ ታውቃለህ? የልብህን ሁሉ ያወቅሁት ከቀፎ ኋላ ቆሜ ነው።»

ኦልጅራ ሚስቱን ይፈራል ያሉኝ ሰዎች አልዋሹም፤ ግን ምክንያቱን አሳስተውት ነበር።

ማክሰኞ፤ ነቀምቴ

ኦልጅራ የገበያ ዕቃ የሚያሰናዳበት ቀን ስለነበረ ብቻዬን በጭነት መኪና ነቀምቴ ገባሁ። ቀይ አፈር፣ ባሕር ዛፍ፣ ዝገት የበላው የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ገበያ ውስጥ ደግሞ በኦሮምኛ የተጀመረ ክርክር በአማርኛ ያልቃል፤ በአማርኛ የተጀመረው በሳቅ። ደበላን ክሊኒኩ በር ላይ አገኘሁት። ረዥም ነው፣ ነጭ ጋወኑ ንጹሕ ነው፤ ገና ማንነቴን ስነግረው ከወገቡ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ዓይኑን ግን አላየሁትም። ጫማዬን ነው የሚያየው። እኔም ጫማዬን አየሁት፤ ያልተወለወለ ነበር።

ምሳ እህቱ ቤት ተሰናድቶልኛል። ተቀመጥኩ፤ እሱ አልተቀመጠም። «ብላ እንጂ» አልኩት፤ «በልቻለሁ አባ» አለ። ከጠዋት ጀምሮ ክሊኒክ ሙሉ በሽተኛ ሲያይ የዋለ ሰው ምኑን በላ? በሩ ጋ እንደ ዘበኛ ቆሞ ቀረ። እኔ ደግሞ ከጉርሻ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ይለሰልሳል ብዬ ሳልዘገይ ወረወርኩት።

«ደበላ፣ ስትናደድ እጅህ ምን ያደርጋል?»

አፉን በእጁ ሸፈነ። ጆሮው ላይ ላብ ወጣ። «ይቅርታ አባ» አለና በጓሮ በር ወጣ። ስጠብቅ ስጠብቅ አልተመለሰም። እህቱ እጄን አስታጠበችኝ።

እጄን እየታጠብኩ ታላቂቱ ልጄ ትዝ አለችኝ። እልፍነሽን የመታት ሰውዬም ዝምተኛ ነበር። ሽማግሎቹ ያን ጊዜ «ጨዋነቱ ነው» ብለውኝ፣ እኔም አምኛቸው ነበር። ሁለተኛ አልሞኝም አልኩ። ለበላይነሽ «አይሆንም» የሚል ቴሌግራም ልልክ ቀጥ ብዬ ወደ ቴሌ ሄድኩ። ጸሐፊው ለምሳ ወጥቷል። በሩ ላይ የተቀመጠ ሰው «ትንሽ ይጠብቁ» አለኝ። ያ ጸሐፊ ምሳውን በዝግታ የሚበላ ሰው በመሆኑ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ፤ ጊዜ ማሳለፊያ ፍለጋ ከማዶ ያለው ፀጉር ቤት ገባሁ።

ፀጉር አስተካካዩ አያሌው ከጎጃም መጥቶ እዚሁ ያረጀ ሰው ነው። ግድግዳው ላይ የጃንሆይ ሥዕል፣ ከሥሩ ደግሞ የተሰነጠቀ መስታወት አለ። የሆንኩትን ነገርኩት፤ መቼም አፌን ታውቁታላችሁ።

አያሌው መቀሱን አስቀመጠና በሳቅ ተንፈራፈረ። «እንዴው ሞት ይርሳኝ! እርስዎ እኮ ልጁን ልብስህን አውልቅ ያሉት ያህል ነው።»

«ምን አልኩት?»

«የሚስቱ አባት ነዎት፤ ኸዚህ አገር ሶዳ ይሉታል። ሶዳ ፊት አይበላም፣ ዓይኑ አይታይም፣ ስሙ እንኳ አይጠራም። የእኔን ልጅ ያገባው የዚህ አገር ሰው ነው። መጀመሪያ በፊት በር ስገባ እሱ በመስኮት ይዘላል። ሌባ መስሎኝ ዱላ ይዤ ጠብቄው አውቃለሁ። ኋላ ገባኝ፤ የሚዘለው ስለሚያከብረኝ ነው። እርስዎ ደግሞ ለሶዳው የሆዱን እንዲዘረግፍ ጠየቁት። ቢመልስልዎ ነበር መጥፎ።»

እፎይ ብዬ ልስቅ አልኩ፤ ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። «እሺ፣ አክባሪ ነው። ግን እጁን አሁንም አላወቅሁትም። አክባሪም ይመታል።»

አያሌው ይህን ሲሰማ ሳቁን ተወ። «እሱስ ልክ ነዎት» አለ። ቴሌግራሙ ይቆይ ብሎ ለኦልጅራ በመንገደኛ ላከበት።

ሐሙስ፤ ነቀምቴ፣ አያሌው ፀጉር ቤት

ኦልጅራ ከማር ቆርቆሮዎቹ ጋር ደረሰ። ከአያሌው ጋር ጥቂት ተንሾካሾኩ። ከዚያ ኦልጅራ «ሚስቴ ቀፎ ኋላ ቆማ ነው የሰማችኝ» አለኝ። «እርስዎም ይስሙ። ግን እርስዎ የሉም። ገባዎት?»

ገባኝ። ኦልጅራ ደበላን ሊጠራ ወጣ። የአያሌው ቤት ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ከፊት ወንበሩና መስታወቱ፣ ከኋላ መኝታው፤ መሐሉ ላይ ወፍራም ሸራ ተሰቅሏል። እኔን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ፊቴን በሙሉ ሳሙና አለበሰኝ፤ ምላጩን በጠፍሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ሳለው። «አሁን አፍዎን ይዝጉ። ይህ ምላጭ ቀልድ አያውቅም» አለኝ። በሕይወቴ ዝም ያሰኘኝ ሰው አያሌው ብቻ ነው።

በጓሮ በር ሁለት ሰዎች ገቡና ከሸራው ወዲያ ተቀመጡ።

«ኤሱማ፣ ለምን እዚህ ጠራኸኝ?» የደበላ ድምፅ ነው። ኤሱማ ማለት አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም ማለት ነው።

«በአማርኛ አውራኝ። አዲስ አበባ ማር ስሸጥ እየተሞኘሁ ነው፤ ልለማመድ።» ኦልጅራ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ ሰውዬ አለ።»

«የት?»

«የለም። ነቀምቴም ውስጥ የለም። ቢኖር ኖሮ ግን የሚጠይቅህ ነገር ነበረው።»

ልጁ ጅል አይደለም። «ቢኖር ኖሮ ምን ይለኝ ነበር?» አለ ደበላ።

«ምን ትወዳለህ? ከምግብ።»

«ድስቱ ሥር የያዘውን የገንፎ ቅርፊት። እናቴ ገንፎውን ለእንግዳ ስታወጣ እኔ ድስቱን ይዤ ጓሮ እሄዳለሁ። እስካሁንም።»

«ምንስ ትጠላለህ?»

«ቀስ ብዬ ልንገርህ።»

«ጮክ ብለህ ተናገር።»

«ቡና አልወድም።»

አያሌው ምላጩን አየር ላይ አቆመው። ኦልጅራ ትንፋሹ ሲወጣ ተሰማ። «ይህን አላስተላልፍም» አለ።

«እውነቱን ተናገር አላልከኝም?»

«እውነት ቢሆንስ? ወለጋ ተወልደህ! ሐኪም ከልክሎት ነው እለዋለሁ።»

«ሐኪሙ እኔ ነኝ።»

ሳቄ መጣ፤ መሳቅ ግን አልችልም፣ ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ነው።

«ሲከፋህ ለማን ትናገራለህ?»

«ለማንም አልናገርም ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ ሕፃን የሞተ ቀን እስኪመሽ ከከተማ ወጥቼ እሄዳለሁ፤ እመለሳለሁ፤ እተኛለሁ። አሁን ለእሷ እጽፍላታለሁ። ግማሹን እልከዋለሁ፣ ግማሹን እቀደዋለሁ።»

«ለምን ትቀደዋለህ?»

«ሁልጊዜ ስለ ሞት ብቻ አይጻፍላትም።»

ቀጣዩ ጥያቄ የቱ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አያሌው ምላጩን ከአገጬ አንሥቶ በፎጣ ጠረገው፤ የተጠረገውን ምላጭ መልሶ ጠረገው።

«ደበላ፣ ስትናደድ እጅህ ምን ያደርጋል?»

«ይታጠባል።»

«ምን?»

«ተነሥቼ እጄን እታጠባለሁ። በሳሙና፣ እስከ ክርኔ፣ እስኪቀዘቅዝ ድረስ። ኤሱማ፣ አንተ ታውቃለህ። አባቴ እናቴን ሲመታ እያየሁ ነው ያደግሁት። ጣቶቼ የእሱ ናቸው፤ ጥፍሬ ሳይቀር። በእነዚህ ጣቶች የሰው ቁስል ላይ ፋሻ አስራለሁ። ሲሞቁብኝ ደግሞ እፈራቸዋለሁ። ስለዚህ እታጠባለሁ።»

የተመታችው ሴት የኦልጅራ እህት ናት። ከሸራው ወዲያ የአንድ ሰው አፍንጫ ሲናፈጥ ሰማሁ። ከዚያ ኦልጅራ እንደ ምንም ድምፁን አበጀ።

«ሳሙና እንደማይበረክትለት ምስክር ነኝ። ከአዲስ አበባ በካርቶን የማመጣለት እኔ ነኝ።»

«ይህንንም ንገረው» አለ ደበላ። «እጄን እንጂ አፌን መግራት አልቻልኩም። ስናደድ ሁለት ቀን አልናገርም።»

«አራት» አለ ኦልጅራ።

«እሺ፣ ሦስት።»

አያሌው ጎንበስ ብሎ አየኝና «ሳሙናው ዓይንዎ ገባ?» አለኝ። ሳሙናው ከጉንጬ ወደ ላይ አልወጣም ነበር። ቅንድቤን ከፍ አድርጌ አዎ አልኩት።

ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ወረደ። የሚኩራራ ወንድ ብዙ አይቻለሁ። የራሱን እጅ የሚጠብቅ ግን ይኼው የመጀመሪያዬ ነው። ልነሣና በሸራው ላይ ልጠመጠምበት ከጀለኝ፤ እሱ ግን በመስኮት ይዘላል።

ጉዱ ግን አላለቀም። «ኤሱማ» አለ ደበላ፣ «እኔም ያን የሌለውን ሰውዬ ልጠይቀው። ልጁን ሲድር ምን ይፈራል? ያንን ነገር እንዳላደርገው ማወቅ እፈልጋለሁ።»

አያሌው ፊቴን በፎጣ ጠረገና ምላጩን አጠፈ። አፌ ነፃ ወጣ። ሦስቱም ሰዎች ይጠብቁኛል።

«አያሌውን» አልኩ።

ኦልጅራ ከሸራው ወዲያ ለእኔ መለሰልኝ። «ይህ ቀልድ ነው፤ አላስተላልፍም።»

«የጊቤን ድልድይ።»

«ይህንንም አላስተላልፍም።»

ሦስተኛ ቀልድ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ስንቱን ወንድ ልቡን ሳስገልጥ ከርሜ፣ ተራው ሲደርሰኝ ኪሴ ባዶ ሆነ። «ይላክልሃል በለው» አልኩ በመጨረሻ።

ደበላ በጓሮ ወጥቶ ገበያውን ሲያቋርጥ በመስኮት አየሁት። ዞር ሊል ሲል እኔ ቀድሜ ፊቴን ወደ ግድግዳው መለስኩ። ለጃንሆይ ሥዕል እጅ የነሣሁ መስዬ ቆየሁ።

ቅዳሜ፣ ምሽት፤ አዲስ አበባ

በላይነሽ በሩን ስትከፍትልኝ ሻንጣዬን አልተቀበለችኝም። ፊቴን ነው የምታየው።

«ቡና አይወድም» አልኳት።

«አውቃለሁ። ሌላስ?»

«ሲናደድ ሦስት ቀን አይናገርም።»

«አራት ነው። ሌላስ አባባ?»

«እጁን ይታጠባል» አልኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ጣቶቹን፣ አባቱን፣ ሳሙናውን። እንደ ቆመች ሰማችኝ። ስጨርስ ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ የምታለቅስ መስሎኝ ጎንበስ ብል እየሳቀች ነው፤ ደኅና አድርጌ ሳያት ሁለቱንም እያደረገች ነው።

«ይሁን በያቸው» አልኳት። «ለጥር ይሰናዱ።»

ሻይ አፈላች። ሁለት ብርጭቆ ቀዳች፤ አንዱን እኔ ፊት፣ አንዱን ከጠረጴዛው ማዶ፣ ዘወትር በምትቀመጥበት አኖረች። ከዚያ መቀመጥ አላስቻላትም፤ ለጓደኛዋ ልንገራት ብላ ወደ ጎረቤት በረረች። እኔ የራሴን ጠጣሁ። ከማዶ ያለው ብርጭቆ እንፋሎቱ ቀስ በቀስ ጠፋ። ቤቱ ምን ያህል ጸጥ ሊል እንደሚችል እስከዚያች ሰዓት አላውቅም ነበር። ለደበላ ጥያቄ መልሱ ያኔ መጣልኝ፤ ቀልድም አልነበረበትም።

አሁን እንዴት ልላክለት? በደብዳቤ አይሆንም፤ ዛሬ በይፋ ሶዳው ሆኛለሁና ለካ እኔም አፍራለሁ። እዚህ አልጽፈውም፤ ጋዜጣው ነቀምቴ ይደርሳል፣ አያሌው ደግሞ ለደንበኛ ሁሉ ጮክ ብሎ ያነባል። ያለኝ መንገድ አንድ ነው፤ በጥር ስሄድ እዚያው ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ሸራውም በመሐላችን መሆን። ለዚያ ልጅ አንድ መልስ አለብኝ። ሳይላጩ ደግሞ አያሌው ቤት መቀመጥ ስለማይቻል፣ ከዛሬ ጀምሮ ጢሜን እያሳደግሁ ነው።